ፈተናው በኢንተርኔት ደረሰ፤ አስጠኚውስ?

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ኮርስ ጨርሶ መመረቅ ቀርቷል። አራትና አምስት ዓመት የተማረ ወጣት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ በጥቂት ሰዓት የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ከመቶ ሃምሳ ካላመጣ ዲግሪው አይሰጠውም። በመጀመሪያው ዙር ከ150 ሺህ በላይ ወጣቶች ተፈትነው ያለፉት 61 ሺህ ገደማ ነበሩ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከመቶ 62 ያህሉ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት ከመቶ 17 ብቻ ናቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየቤቱ የተቀመጠው «ወድቋል» የተባለ ወጣት ቁጥር ቀላል አይደለም። ለድጋሚ ፈተና እየከፈለ፣ ከወላጅ እጅ እየጠበቀ፣ ካለፈው ጊዜ የተለየ ምንም እርዳታ ሳያገኝ ተመልሶ እዚያው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል።

ፓርቲያችን ፈተናውን አይቃወምም። ባዶ ዲግሪ ማደል ለድሃው ልጅ ውለታ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ድሃው ያለ እውቀት የያዘውን ወረቀት በዘመድ ወደ ሥራ ሊለውጠው አይችልምና። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲሰጥ መደረጉና ኩረጃ መገታቱም ትክክል ነበር እንላለን። ነገር ግን ፈተናው ምን አሳየ? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ነው። በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ከመቶ 8.4 ሆነ። ገዥው ፓርቲ ይህን ቁጥር እንደ ጀግንነት ሲያወራው ሰምተናል። ሐኪም በሽታውን ስለነገረን ብቻ አናመሰግነውም፤ መድኃኒቱን የት እንደምናገኝ እንጠይቀዋለን እንጂ።

እዚህ ፓዌ ላይ ጥያቄው የአንድና የሁለት ቤተሰብ አይደለም። በፓዌ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚማሩ ልጆቻችን ትምህርታቸውን ሲጨርሱ የብቃት ምዘና ይጠብቃቸዋል። በግልገል በለስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚሠለጥኑት ነገ የልጆቻችንን ቀለም የሚያስቆጥሩ ናቸው። በርቀትና በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር የሚማሩት የወረዳ ሠራተኞች፣ መምህራንና ነርሶች ሞጁል ተሰጥቷቸው «በርቱ» ተብለው የተተዉ ናቸው። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የደረሳቸውም አሉ። አሶሳ በካርታ ላይ የክልላችን ዋና ከተማ ይሁን እንጂ አባይ በመሃል ያለበት፣ ዙሪያ ጥምጥም የሚኬድበት አገር ነው። መንገዱ ሲዘጋ ተማሪው ሴሚስተር ያመልጠዋል፤ ክፍል ውስጥ ያልገባውን ቤት መጥቶ የሚጠይቀው ሰው የለም። እናቱ ሰሊጥ ያረመች፣ አባቱ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ ወይም ከከምባታ በአውቶቡስ ተጭኖ የመጣ፣ ወይም የዚችው መሬት ተወላጅ የጉሙዝ ልጅ ሆኖ ከቤተሰቡ ኮሌጅ የረገጠ የመጀመሪያው ሰው የሆነ ወጣት ስለ ካልኩለስ ወይም ስለ ፋርማኮሎጂ ቤት ውስጥ ማንን ይጠይቃል?

አዲስ አበባ ያለ ባለ ገንዘብ ልጁ ሲደክም አስጠኚ ይቀጥራል። ይህን አንነቅፍም፤ ወላጅ ነውና። እኛ የምንለው ያ ባለ ገንዘብ የሚገዛው ነገር በዛሬው ቴክኖሎጂ በጣም ረክሶ ለፓዌ ልጅም ሊደርስ ይችላል ነው። ስለዚህ በምርጫ ሰነዳችን የትምህርት ክፍል ውስጥ ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኢንተርኔትና በስልክ የሚሰጥ የማጠናከሪያ ትምህርትና የተማሪ ድጋፍ አገልግሎትን አስገብተናል። «በኢንተርኔት» ሲባል ምን ማለታችን እንደሆነ ግን ቀድመን ማስረዳት አለብን። በዚህ ስም ሕዝብ አንድ ጊዜ ተታሏል።

ፕላዝማን የማያስታውስ አለ? በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ትምህርቱ ከደቡብ አፍሪካ ኩባንያ ጋር ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይሠራጭ ነበር። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ጆሮአችን ባልለመደው ዘዬ፣ ለኢትዮጵያ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይጀምራል። መምህሩ መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መሃሉን ቴሌቪዥኑ ይዞታል። ተማሪው የመጀመሪያውን መስመር ደብተሩ ላይ ገልብጦ ሳይጨርስ ስክሪኑ ሦስተኛው ላይ ነው። «አልገባኝም» ብሎ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥን እጅ አያይም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት ጠፋ፤ ነገ ሌላ ምዕራፍ ይጀመራል እንጂ የትናንቱ አይመለስም። ትልቁ ጉዳት ግን በመምህሩ ላይ የደረሰው ነው ብለን እናምናለን። የፊዚክስ ዲግሪ ይዞ ክፍል የገባ ሰው ማብሪያ ማጥፊያ ተጫኝ ሆነ። ተማሪዎቹ ፊት የነበረው ክብር ወረደ፤ እሱም ቀስ በቀስ መዘጋጀቱን ተወ።

ያኔ ፕላዝማን የነቀፈ ሁሉ የልማት ጠላት፣ የቴክኖሎጂ ጠላት ይባል ነበር። ጥያቄው ስለ ቴክኖሎጂ አልነበረም። ጥያቄው ልጁ መልሶ መናገር ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነበር። ዛሬም በሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች አዳዲስ «ፕላትፎርም» እየተባለ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ በቪዲዮ የተቀረጹ ትምህርቶች ይጫናሉ። ጥሩ ነው፤ የተቀረጸ ትምህርት ከምንም ይሻላል፣ ተመልሶም ይታያል። ሆኖም ቪዲዮም ቢሆን ተማሪው የቱ ጋ እንደ ጠፋበት አያውቅም። የፓዌ ልጅ የሚፈልገው ያን የጠፋበትን ቦታ አብሮት የሚፈልግ ሰው ነው። ሰውየው አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም፣ እዚያው አልሙ ከተማም ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔቱ ይህን ሰውና ተማሪውን የሚያገናኝ መንገድ ብቻ ነው።

ይህ የእኛ ምኞት ብቻ እንዳይመስል ሌላ አገር የታየውን እንጥቀስ። በመጋቢት 2012 ኮሮና በመላው ዓለም ትምህርት ቤት ሲያዘጋ ቦትስዋና ውስጥ ከአራት ሺህ በላይ ቤተሰቦችን ያሳተፈ ሙከራ ተካሄደ። ለአንዳንዶቹ ልጆች በስልክ አጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ የሒሳብ ጥያቄ ይላካል፤ ለሌሎቹ መልእክቱ ተልኮ በሳምንት አንድ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ያህል መምህር ይደውላል። መልእክት ብቻ የደረሳቸው ያን ያህል ለውጥ አላሳዩም፤ የተደወለላቸው ግን ሒሳብ ችሎታቸው ተሻሻለ። ኋላም በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በሕንድ፣ በኔፓልና በፊሊፒንስ ተሞክሮ የስልክ ጥሪው ውጤት አሳይቷል። ስማርት ስልክ እንኳ አላስፈለገም። ልጆቹ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች እንጂ ኮሌጅ የገቡ አልነበሩምና ውጤቱን ቃል በቃል ወደ ፓዌ ጤና ኮሌጅ አናመጣውም። የሚያስተምረን ግን ግልጽ ነው፤ ለውጥ ያመጣው በስልኩ ማዶ ያለው ሰው ነው።

ጣሊያንም አለች። ጣሊያን ለፓዌ ሰው እንግዳ ስም አይደለም። በ1978 ዓ.ም. የጣና በለስ ፕሮጀክት ሲጀመር ትራክተሩን፣ ሆስፒታሉን፣ መንገዱን ይዘው የመጡት ጣሊያኖች ነበሩ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ኩባንያው ወጣ፣ ማሽኑ ዝጎ ቀረ፣ ሕዝቡ በዶማ ወደ ማረስ ተመለሰ። ከዚያ ሁሉ በሕይወት የቀረው ሰው የያዘው ነገር ነው፤ ሆስፒታሉ ሐኪምና ነርስ ስላለው፣ የግብርና ምርምር ማዕከሉ ተመራማሪ ስላለው እስከ ዛሬ አሉ። እንግዲህ እነዚያው ጣሊያኖች በ2012 በኮሮናው ጊዜ ምን አደረጉ ቢባል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻቸውን አሰባስበው ከደካማ ቤተሰብ ለሚመጡ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች በሳምንት ጥቂት ሰዓት በኢንተርኔት እንዲያስጠኑ አደረጉ። ሚላኖ የሚገኘው የቦኮኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲለኩት የልጆቹ ውጤትም ሆነ የመንፈስ ሁኔታቸው ተሻሽሎ ተገኘ። ግንብ አልገነቡም፤ ሰውና ሰዓት ብቻ አገናኙ።

አሁን ወደ ራሳችን ዕቅድ እንምጣ። አስጠኚ ከየት ይመጣል ለሚለው መልሱ ከመካከላችን ነው። የመውጫ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፈው ሥራ ያጡ፣ በየካፌው በረንዳና በየመንደሩ ጥላ ሥር የተቀመጡ ወጣቶች አሉን። ከሁለት ዓመት በፊት ያለፈውን ፈተና ዛሬ ለሚያልፈው ልጅ ከእሱ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። በፓዌ ሆስፒታል ልምድ ያላቸው ነርሶችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች አሉ። በግብርና ምርምር ማዕከሉ ስለ አኩሪ አተር ዝርያ፣ ስለ አፈርና ስለ ተባይ ዘመናቸውን የሰጡ ተመራማሪዎች አሉ፤ የግብርና ተማሪዎቻችን ግን ስለ አኩሪ አተር ከፎቶ ኮፒ ሃንድአውት ያነባሉ። በውጭ አገር የሚኖሩ የመተከል ተወላጆችም በሳምንት አንድ ሰዓት ለመስጠት የሚያስፈልጋቸው የሚጠራቸው ሰው ብቻ ነው።

እነዚህን ሰዎች ግን በነፃ አናሠራም። በአገራችን «በጎ ፈቃደኛ» የሚለው ቃል የድሃ ወጣት ጉልበት በነፃ ለመውሰድ ሲውል በቂ ጊዜ አይተናል። አስጠኚ በሰዓት ይከፈለዋል፤ ባስጠናበት ልክ በወሩ መጨረሻ በስልኩ ይደርሰዋል። ሲመረጥም የፈተና ውጤቱና አንድ የሙከራ ትምህርቱ ይታያል እንጂ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ወይም የአባልነት መታወቂያ አይጠየቅም። ይህ ለእኛም ለአባሎቻችንም ይሠራል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ዕቅዳችን አንድ አስጠኚ አምስት ተማሪ ይዞ እንዲያስጠና ነው፤ አምስት ሲባል ብዙ አንባቢ ፊቱን እንደሚያጨማድድ እናውቃለን። ኢሕአዴግ በዩኒቨርሲቲዎች «አንድ ለአምስት» ብሎ ተማሪውን ሲያደራጅ ስሙ መረዳዳት ነበር፤ በተግባር ማን ምን አለ፣ ማን ስብሰባ ቀረ የሚል ሪፖርት መጻፊያ ሆነ። መማማርን የመሰለ የቆየ የአገራችን ባህል፣ በቆሎ ትምህርት ቤት ተማሪው ተማሪውን የሚያስቀጽልበት ወግ፣ በካድሬ እጅ ገብቶ ተጠላ። ስለዚህ በእኛ ዕቅድ የጥናት ቡድን የሚያቀርበው ሪፖርት ሁለት ነገር ብቻ ይኖረዋል፤ ስንት ሰዓት ተጠና፣ ተማሪው በየወሩ የወሰደው መለማመጃ ፈተና ስንት ሆነ። ሌላ ነገር መጠየቅ በደንቡ ክልክል ይሆናል። ከአስጠኚው ጋር ያልተስማማ ተማሪም ምክንያት ሳይጠየቅ መቀየር ይችላል።

ዘዴው የተንዛዛ አይደለም። ቪዲዮ ዳታ ይበላል፤ ስለዚህ ዋናው ትምህርት በድምፅና በጽሑፍ ይሁን። ተማሪው የሠራውን ሒሳብ በደብተሩ ላይ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል፤ አስጠኚው የተሳሳተበት መስመር ላይ ምልክት አድርጎ በድምፅ አስረድቶ ይመልሳል። ይህን ተማሪዎች ዛሬም በራሳቸው ያደርጉታል፤ የጎደላቸው ሳያሰልስ የሚመልስላቸው ሰው ነው። ከባድ ፋይሎች፣ የተቀረጹ ትምህርቶችና ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች በአንድ የጥናት ጣቢያ በሰርቨር ይቀመጣሉ። ተማሪው በገበያ ቀን ሲመጣ በስልኩ ወይም በፍላሽ ያለ ክፍያ ገልብጦ በቁጥር ወደሚጠራው መንደሩ ይሄዳል። ስማርት ስልክ የሌለው በተራ ስልክ ይደወልለታል። ለጣቢያው አዲስ ሕንፃ አንሠራም፤ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ባዶ የሚሆን ክፍል በወረዳው አይጠፋም። በጳጉሜን 2017 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ያለው በዚሁ በመተከል፣ በጉባ ነው፤ ይሁንና መብራት የሚጠፋበት ቀን ስለማይቀር ጣቢያው የራሱ የፀሐይ ኃይል ይኖረዋል። ፀሐይ በበለስ ሸለቆ በዝቶብናል እንጂ አላነሰንም።

ወጪውን በግልጽ እናስቀምጥ። ቁጥሩ የራሳችን ስሌት ነው፤ የተሻለ ያለው ያርመን። ሠላሳ አስጠኚዎች ቢቀጠሩና እያንዳንዱ በሳምንት 10 ሰዓት ቢያስጠና፣ በትምህርት ዓመቱ 32 ሳምንታት 9,600 ሰዓት ይሆናል። በሰዓት 150 ብር ብንከፍል 1 ሚሊዮን 440 ሺህ ብር ነው። እያንዳንዱ አስጠኚ አምስት ቡድን፣ በየቡድኑ አምስት ተማሪ ይዞ ለየቡድኑ በሳምንት ሁለት ሰዓት ይሰጣል፤ ስለዚህ 750 ተማሪዎች ይዳረሳሉ። ለእነዚህ ተማሪዎች በወር የ100 ብር የኢንተርኔት ጥቅል ለስምንት ወር ብንሰጥ 600 ሺህ፣ ለአስጠኚዎቹ የወር 200 ብር ብንጨምር 48 ሺህ ብር ይሆናል። ጠቅላላው 2 ሚሊዮን 88 ሺህ ብር፣ ለአንድ ተማሪ በዓመት 2,800 ብር የማይሞላ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ፣ ሰርቨሩና የፀሐይ ኃይሉ የአንድ ጊዜ ወጪ ስለሆነ ከዚህ ውጭ ነው፤ እሱን ለብቻው በጨረታ ዋጋ እናቀርባለን። ለአንድ የቢሮ ኃላፊ አዲስ ላንድክሩዘር የሚወጣው ገንዘብ ይህን አገልግሎት ስንት ዓመት እንደሚያስኬድ አንባቢ ራሱ ያስላ።

የዳታውን ዋጋ ከዚህም ማውረድ ይቻላል ብለን እናምናለን። ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ ቢሸጥም ዛሬም አብዛኛው ድርሻው የመንግሥት ነው፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ተወዳዳሪ አለው። አንድ ተማሪ ለብቻው ሲገዛና ወረዳ ወይም ክልል ለሺህ ተማሪ በጅምላ ሲገዛ ዋጋው አንድ ሊሆን አይገባም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች የመጠቀም እኩል መብት ለዜጋ ሁሉ ይሰጣል። ኮሌጁ ደጃፍ ላይ ፈጣን ኢንተርኔት ያለው ተማሪና ምልክት ፍለጋ ኮረብታ የሚወጣ ተማሪ ለአንድ ፈተና ሲቀመጡ ይህ መብት የቱ ጋ እንዳለ መንግሥት እንዲመልስልን እንጠይቃለን።

ተማሪ የሚወድቀው ትምህርቱ ስለከበደው ብቻም አይደለም። ብዙው የሚጠፋው በትንንሽ ነገር ነው፤ የምዝገባ ቀን አልፎበት፣ የፈተና መግቢያ የይለፍ ቃል ጠፍቶበት፣ ትራንስክሪፕት ለማስላክ ሁለት ቀን ተጉዞ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ተብሎ። እኛ መንደር ያለች አንዲት የርቀት ተማሪ ለአንድ ፊርማ ብቻ ተጉዛ የሴሚስተር ክፍያዋን የሚያህል ገንዘብ መንገድ ላይ ማፍሰሷ እንደ ተራ ነገር የሚታይበት አሠራር መቅረት አለበት። ጣቢያው ይህን በስልክና በኢንተርኔት የሚከታተል አንድ የድጋፍ ሠራተኛ ይኖረዋል። ለሴት ተማሪዎች ማታ ኢንተርኔት ፍለጋ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ እናቶች ያውቁታልና የጥናቱ ሰዓት የሚወሰነው በእነሱ ምቾት ነው፤ የሴት አስጠኚዎች ቁጥርም ከግማሽ እንዳያንስ እናደርጋለን።

የመተከል ተማሪ ሌላም ሸክም አለበት። በ2012ና በ2013 ዓ.ም. በዞናችን የሆነውን ማንም አይረሳውም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በበኩጂ ከ100 በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተገደሉ። አሥር ሺዎች ወደ ቻግኒ ተሰደው በመጠለያ ኖሩ፤ ከጉሙዙም፣ ከሺናሻውም፣ ከአማራውም፣ ከአገዉም፣ ከኦሮሞውም ቤት ያልገባ ሐዘን የለም። ያኔ የ8ኛና የ9ኛ ክፍል ተማሪ የነበሩ ልጆች ዛሬ ኮሌጅ ውስጥ ናቸው። ዓመት የተቃጠለባቸው፣ የትምህርት ማስረጃቸው ከቤታቸው ጋር የነደደባቸው፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጡ አሉ። እነዚህን «አልበረታችሁም» ማለት ነውር ነው። ከዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍሎች ጋር ተዋውለን በስልክ የሚገኝ የምክር አገልግሎት እንዲኖር፣ የጠፋ ማስረጃም በምስክርና በትምህርት ቤት መዝገብ ተጣርቶ ሳይጉላላ እንዲተካ እናደርጋለን።

ኢንተርኔቱ ሲዘጋስ? ይህ ጥያቄ በየስብሰባው የሚነሳ ነው፤ ትክክልም ነው። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና በሚሰጥበት ሳምንት ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተዘጋ፤ ምክንያቱ ፈተና እንዳይሰረቅ ነው ተባለ። በሰኔ 2012 መጨረሻ ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘጋ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በጎረቤታችን በአማራ ክልል ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆየ፤ ከፓዌ ወደ ቻግኒና ወደ እንጅባራ ወጥቶ የሚማረው ልጃችን አብሮ ጨለመበት። ያኔ ለፈተና ሲባል የሚዘጋው ኢንተርኔት ዛሬ ፈተናው ራሱ የሚሰጥበት ሆኗል፤ ልማዱ ግን አልቀረም። እኛ በምክር ቤት ወንበር ካገኘን ኢንተርኔት በቃል ትእዛዝ የማይዘጋበት፣ በጽሑፍ፣ በምክንያትና በተወሰነ ቀን ካልሆነ፣ በፍርድ ቤትም ሊጠየቅ ካልቻለ የማይታገድበት ሕግ እንዲወጣ እንከራከራለን። እስከዚያው ጣቢያው ሰርቨሩን፣ አስጠኚውም አንደበቱን ይዞ በአካል ይቀጥላል። አብዛኞቹ አስጠኚዎች ከዚሁ ከፓዌ ይሁኑ የምንለው አንዱም ምክንያት ይህ ነው፤ መስመሩ ቢቆረጥ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው።

ሌላው ምክንያት ቋንቋ ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ የክልላችን የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ጉሙዝኛ፣ ሺናሽኛ፣ አገውኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሀዲይኛ፣ ከምባትኛ ይነገራል። የፕላዝማው እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ነበር፤ ለማንም አልሆነም። በጉሙዝኛ «ይሄ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ አንዱን ሐሳብ ከፍቶ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው ቃል የሚመልስ አስጠኚ ካገኘን ከየትኛውም ፕላትፎርም አብልጠን እንከፍለዋለን። በሰዓት ከምንከፍለው 150 ብር ላይ በአካባቢ ቋንቋ ለሚያስጠኑ 30 ብር ለመጨመር ያሰብነውም ለዚህ ነው፤ ከጠቅላላው ሰዓት ሲሶው በዚህ መንገድ ቢሰጥ በዓመት 96 ሺህ ብር ብቻ ይጨምራል። በዚህ ወር በየመንደሩ በምናደርገው ስብሰባ ኮሌጅ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ልጃችሁ የሚቸገርበትን የትምህርት ዓይነትና የሚያጠናበትን ቋንቋ በስብሰባው በሚዞረው ደብተር ላይ እንድታስመዘግቡ እንጠይቃለን፤ የልጁን ስም መጻፍ አያስፈልግም።